የኡዋይስ ሰው ማን ነው?

የምስራች! ስሟ ተጻፈ! በጥቁር እስክሪብቶ፣ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ተጭና ጻፈችው፤ ከሥሩም ፈረመች፤ ማህተሙም እዚያው ዓይኗ እያየ ዱብ አለበት። ምስር ብዪ በሉኝና ልቀጥል። የማን ስም፣ በምን ላይ፣ ማህተሙስ የማን ትሉ ይሆናል። ደስታው አጣድፎኝ ከጫፉ ጀመርኩት እንጂ መነሻውማ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ነው።

ስሙ የሱልጣና ነው። ሱልጣና አባመጫ፣ የጅማ ልጅ፣ አርባ ስድስት ዓመቷ። ካምፓላ ከገባች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሙየንጋ ኮረብታ ላይ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ቤት ውስጥ ምግብ ታበስላለች፣ ታጸዳለች። በፈረንጆቹ 2020 መጋቢት ላይ በሽታው ገብቶ አገሩ መዘጋጋት ሲጀምር አሠሪዎቿ በሁለት ቀን ውስጥ ሻንጣቸውን ሸከፉና የቁልፉን ዘለላ እጇ ላይ አስቀመጡ። "ለሦስት ሳምንት ነው ሱልጣና" አሏት። ሦስት ሳምንቱ ሁለት ዓመት ሆነ።

ቤቱ አምስት መኝታ ክፍል አለው። እሷ የምትተኛው ከጓሮ ባለችው የሠራተኛ ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት ሻጋታ እንዳይዘው መስኮቱን ሁሉ ትከፍታለች፤ ሲመሽ ደግሞ አንድ በአንድ ትዘጋለች። ሰው ያለበት እንዲመስል ዛሬ የዚህን ክፍል፣ ነገ የዚያኛውን መብራት ታበራለች። ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ትወለውላለች። ቀኑን ሙሉ የምትሰማው የራሷን ሰንደል ጫማ ቿ ቿ ብቻ ነው። ፍሪጁ ድንገት ሲንቀጠቀጥ "አብሽር!" ማለት የለመደችው ያኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ራሷን ታዝባ ሳቀች፤ ኋላ ኋላ መሳቁም ቀረ።

ከሰገነቱ ላይ ሐይቁ ይታያል። ከውሃው ማዶ ሉዚራ አለ፤ ዝቅ ብሎ የፖርት ቤል የጀልባ ማረፊያ። ሱልጣና ዓይኗን የምታሳርፈው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ወንድሟ ኡዋይስ ያለው እዚያ ነው።

ኡዋይስ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ቃልም ይዘገይበታል። ሐኪሞቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ይሉታል፤ እናታቸው ግን "የኔ የዋህ" ነበር የምትለው። እናትየው ስትሞት ኡዋይስ አሥር ዓመቱ ነበር፤ የሁለቱንም እጅ አንድ ላይ ይዛ "አደራ" አለች፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሱልጣና ከዚያን ቀን ጀምራ አሳደገችው። ስደቱም ሲመጣ እጁን ይዛው ተሰደደች።

የእናት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ግን ይለያያል። እሷ የአባመጫ ልጅ፣ እሱ የከድር ልጅ። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ናሙዎንጎ ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖሩ ነበር። እሷ ሥራ መሄድ አለባት፤ እሱን የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ጠዋት ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ አብልታው፣ ውሃ በጀሪካን አስቀምጣለት፣ በሩን ከውጭ ትቆልፍበት ነበር። ባቡሩ ባለፈ ቁጥር በሩን ይደበድባል። "አንቺ፣ ምን አስረሽ ነው የምትሄጂው?" ይሏታል ጎረቤቶቿ። አንድ ቀን ስትመለስ ጥፍሮቹ ደምተው አገኘቻቸው። በሩን ሲቧጥጥ ውሎ ነው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በሳምንቱ ማማ ናካቶ ዘንድ ወሰደችው። ማማ ናካቶ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ወፍራም ሴትዮ ናቸው፤ ሉዚራ ውስጥ ባለ ቤታቸው እንደ ኡዋይስ ያሉ ዘጠኝ ሰዎች ይኖራሉ። ሲቀበሏቸው አንድ ፎርም አስሞሏቸው። ፎርሙ ላይ "ኃላፊ" የሚል መስመር አለ። ያን ቀን የኡዋይስ የአባቱ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙ የሱፍ አብሮ ነበር። እስክሪብቶው እጇ ላይ ነበር፤ ግን ታላቅ ወንድም ተቀምጦ፣ ያውም በአባት በኩል ያለ፣ ሴት እንዴት በስሟ ትጽፋለች? እስክሪብቶውን በሁለት እጇ አቀበለችው። የሱፍ ከድር ብሎ ጻፈ። ከታች "ያመጣው ሰው" በሚለው ቦታ ላይ የሷ ስም በትንሹ ገባ። ዝምድና የሚለው ባዶ ቀረ። ልክ እንደ ቦዳ፣ እንደ ሞተር ታክሲ ነጂ፤ አድርሳ የሄደች። የሱፍ በዓመቱ ካናዳ ገባ።

ታዲያ በዚያ በተዘጋጋ ጊዜ ታክሲ የለም፣ ቦዳም ሰው አይጭንም፣ የማማ ናካቶ ግቢም እንግዳ አያስገባም። የቀራት ስልክ ብቻ ነበር። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ ማማ ናካቶ ስልኩን ኡዋይስ ጆሮ ላይ ይይዙለታል። እሱ ለስልክ አያወራም። ይተነፍሳል። እሷ ያበሰለችውን፣ የጠረገችውን፣ አጥር ላይ ያየችውን ዝንጀሮ ታወራለታለች። በሦስተኛው ወር ወሬ አለቀባት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ስልኩን ይዘው መተንፈስ ብቻ ሆነ። ያም ሆኖ አንድም ቀን አላጓደለችም።

በ2022 መጀመሪያ ሁሉም ነገር ሲከፈት በማግስቱ ቦዳ ይዛ በረረች። ግቢው ውስጥ አልነበረም። "ወደ ውሃው ውረጂ፤ ሥራ ላይ ነው" አሏት ማማ ናካቶ።

"ሥራ? የምን ሥራ?"

"ሂጂና እዪዋ!"

ከማረፊያው ዳር ትንንሾቹ ዓሣዎች፣ ሙኬኔ የሚሏቸው፣ በመረብ ላይ ተሰጥተው እንደ ብር ያብረቀርቃሉ። ከመካከላቸው ኡዋይስ ረጅም ዱላ ይዞ ቆሟል። ካሎሊ የሚባሉት፣ ቆሻሻ ላይ የሚውሉት ግዙፍ ራሰ በራ ወፎች ጠጋ ሲሉ "ሃሽ!" እያለ ያባርራቸዋል። ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ትከሻው ሰፍቷል። አየት አደረጋትና ፊቱን መልሶ ወደ ወፎቹ አዞረ።

ሱልጣና ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ሰዓት እያሰበች ነው የኖረችው። ያለቅሳል፣ ይጠመጠምብኛል ብላ ነበር። ከመረቡ ጫፍ ቆማ፣ በላስቲክ ያመጣችለትን ማንጎ እንደያዘች ቀረች።

ሲመለሱ ማማ ናካቶ አንድ ወረቀት ይዘው ጠበቋት። "ልጄ፣ ተቀመጪ። አዲስ መመሪያ መጥቷል። እንዲህ ያሉ ቤቶች ሁሉ ሊመዘገቡ ነው። ተቆጣጣሪ ይመጣል። የእያንዳንዱ ሰው ኃላፊ በአካል ቀርቦ መፈረም አለበት። ኃላፊው በመጋቢት መጨረሻ ያልቀረበ፣ ሰው እንደሌለው ተቆጥሮ በሰሜን ወዳለው ትልቁ የመንግሥት ግቢ ይዛወራል።"

"እኔ አለሁለት አይደል እንዴ? ነገም እፈርማለሁ!"

ሴትዮዋ ፋይሉን ገለበጡላት። "አንቺ እዚህ ውስጥ የለሽም።"

"እንዴት የለሁም?"

"የአባትሽ ስም ከእሱ ጋር አይገጥም። ዝምድናሽ አልተጻፈ። ያመጣሽው ብቻ ነሽ።"

ትልቁ ግቢ ያለበት ቦታ በአውቶብስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ከሦስት መቶ ሰው በላይ ይኖርበታል ይባላል። እሱ የራሱን አልጋ ለመልመድ እንኳ ስድስት ወር የፈጀበት ሰው ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለየሱፍ ደወለች።

"ጋሼ የሱፍ፣ መጥተህ ለኡዋይስ መፈረም አለብህ።"

"ሱልጣና፣ ጤነኛ ነሽ? እዚህ እኮ ጉልበት ድረስ በረዶ ነው፤ ሥራ አለኝ፤ ወረቀቴም ገና ነው። ላኪልኝና ልፈርም።"

"በአካል ነው የሚሉት፤ ያለዚያ ወደ መንግሥት ግቢ ይወስዱታል።"

"እንግዲያው መንግሥት ከያዘው ምን ክፋት አለው? አንቺም እኮ ትንሽ ብታርፊ።"

"ማን ደከመኝ አለህ?"

"ለአንቺው ብዬ ነው።"

"ለኔ ብለህስ አይደለም" አለችና ዘጋችበት። በታላቅ ላይ ስልክ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነበር። ራሷም ደነገጠች፤ ግን መልሳ አልደወለችም።

በነጋታው ናሙዎንጎ ወርዳ ከድሮ ጎረቤቷ ከፈርሃና ሱቅ ገባች። ፈርሃና የወሎ ልጅ ናት፤ ስኳርና ሳሙና ትሸጣለች፤ ምላሷ ግን ከሚሸጠው ሁሉ ይበልጣል።

"ባሌ ነው በያቸው!" አለች ፈርሃና ወዲያው።

"አስተግፊሩላህ! ወንድሜን?"

"ታዲያ ምን ይደረግ? ወንድሜ ብትዪ አላመኑሽ። ባል ሲሆን የአባት ስም አይገጥም ብሎ የሚጠይቅ የለ!"

"አንቺ ሴትዮ አትቀልጂ፤ ሆዴ ተቃጥሏል።"

ፈርሃና ሚዛኑን ትታ አየቻት። "ስሚኝ እህቴ፤ ከወረቀት ጋር ተሟግቶ የረታ አላውቅም። ይወስዱታል። ልብሽን ከአሁኑ አጠንክሪው።"

ሱልጣና ልቧን ከማጠንከር ይልቅ ክፍሏን ማጽዳት ጀመረች። ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ከአልጋዋ ትይዩ ፍራሽ ዘረጋች፤ አንሶላውን ሁለቴ ተኮሰችው። ካልፈቀዱልኝ ይዤው እመጣለሁ፣ አሠሪዎቼም እስኪመለሱ ማን ያያል፣ አብረን እንሆናለን ብላ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ፍራሹን የዘረጋችው ለእሱ ብቻ አልነበረም። የሌላ ሰው ትንፋሽ ያለ ስልክ መስማት ናፍቋት ነበር።

ተቆጣጣሪዋ የመጣችው በመጋቢት ነው። አኬሎ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ መነጽራም፣ ለማንም የማትቸኩል ሴት። ሱልጣና ከግድግዳው ተጣብቃ ትከተላታለች። አኬሎ አልጋ ቆጠረች። የእያንዳንዱን ጫማ አወጣችና የማን እንደሆነ ባለቤቶቹን ራሳቸውን ጠየቀች። መድኃኒቱን ከመዝገቡ ጋር አስተያየች። ከዚያ ከአንዱ መኝታ ክፍል በር ላይ ቆመች፤ በውጭ በኩል መቀርቀሪያ ነበረው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አንደኛው በእንቅልፍ ልቡ እየወጣ ወደ ውሃው ስለሚሄድብን ነው" አሉ ማማ ናካቶ ወደ መሬት እያዩ።

"ሞግዚት ይመደብለት እንጂ አይቆለፍበትም። ከውጭ የሚቆለፍ በር ያለው ቤት አይመዘገብም። አሁኑኑ ይነቀል።"

መፍቻ መጣ። ቡለኖቹ አንድ በአንድ ሲሚንቶው ላይ እየወደቁ ጮሁ። ማማ ናካቶ አፍረዋል፤ ከእሳቸው ይበልጥ ግን ያፈረችው ሱልጣና ናት። የናሙዎንጎው በር ነው የታያት።

ተራው የኡዋይስ ሆነ። ቢሮው ውስጥ ሦስት ወንበር ነበር። ኡዋይስ አንዱ ላይ ተቀመጠ፤ ሱልጣና ከጎኑ።

"ስምህን ትነግረኛለህ?" አለች አኬሎ በእንግሊዝኛ።

"ኡዋይስ ነው" አለች ሱልጣና።

"ምን ትወዳለህ?"

"ማንጎ ይወዳል። ጩኸት አይወድም። ትኩስ ነገርም..."

"እሱን ነው የጠየቅኩት።"

"እሱ እኮ አይናገርም!"

"ተጠይቆ ያውቃል?"

ሱልጣና ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ርቦታል፣ ደክሞታል፣ በርዶታል ብላ ተናግራለታለች። ርቦህ ይሆን ብላ የጠየቀችበት ቀን ግን ትዝ አላላትም።

"መመሪያው ነዋሪው ብቻውን እንዲጠየቅ ያዛል። እባክዎ ውጭ ይጠብቁ" አለች አኬሎ፤ ድምጿ ግን ክፉ አልነበረም።

ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ቦታ ብቻዋን ተቀምጣ ታውቃለች፤ እንደዚያ ቀን ግን ብቸኛ ሆና አታውቅም። በእሷና በእናቷ አደራ መካከል የተዘጋ በር አለ፤ የዘጋባትም ሕግ ነው።

ከዚያ ድምፅ ሰማች። ጆሮዋን አቀናች። የኡዋይስ ድምፅ ነው፤ ያወራል! የኡዋይስን ቃላት እንደ መቁጠሪያ ታውቃቸዋለች፤ በጠቅላላው አሥራ አራት ናቸው። ይሄ ግን ከአሥራ አራቱ አንዱም አይደለም። ሉጋንዳ ነው፣ የአገሩ ቋንቋ!

"ማማ ናካቶ! ሉጋንዳ ማን አስተማረው?"

"አታውቂም ነበር እንዴ? ዓሣ አስጪዎቹ ናቸዋ። መሳደብም ይችላል፤ ያውም እኔን!" ብለው ሴትዮዋ ተንከተከቱ።

ሱልጣናም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ ሞላ። ስልኩን ይዛ ስትተነፍስ በኖረችበት ሁለት ዓመት፣ እሱ እዚህ ከሰው ጋር ሲያወራ ኖሯል። እሷ በማታውቀው ቃል።

በሩ ተከፈተ። ኡዋይስ ወጣ፤ ግራ ቀኙን ሳያይ ቀጥ ብሎ መጣና የእጇን አንጓ ያዘ። ጎትቶ አስነሳት፤ ጎትቶ አስገባት፤ ባዶው ወንበር ላይ ትከሻዋን ተጭኖ አስቀመጣት። ከዚያ ወደ አኬሎ ዞሮ፣ ዕቃ አስረክቦ ደረሰኝ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመና "ኦኖ ዋንጌ" አለ።

"ይቺ የኔ ናት እያለ ነው" አለች አኬሎ። "ሰውህ ማን ነው ብዬ ጠይቄው ነበር። መልሱን ሊያመጣ ነው የወጣው።"

ሱልጣና ሻሿን አፏ ላይ ጫነች።

"በመመሪያው መሠረት ነዋሪው ራሱ ከመረጠና ቤቱ ካረጋገጠ፣ የተመረጠው ሰው ኃላፊ ሆኖ ይመዘገባል።" አኬሎ ወደ ማማ ናካቶ ዞረች። "ያረጋግጣሉ?"

"ሁለት ዓመት በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እጄ እስኪደነዝዝ ስልክ አስይዛኛለች። እሷን ያላረጋገጥኩ ማንን ላረጋግጥ?"

አኬሎ በየሱፍ ስም ላይ በማስመሪያ መስመር ሠረዘች። ሱልጣና ግን ገና አልጨረሰችም፤ ፍራሹ ትዝ አላት።

"እንግዲህ ኃላፊው ከሆንኩ... ይዤው መሄድ እችላለሁ ማለት ነው? ቦታ አለኝ። አንሶላውንም አዘጋጅቻለሁ።"

"እስኪ እንጠይቀው" አለች አኬሎ፤ በሉጋንዳም ጠየቀችው።

ኡዋይስ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። "ዋኖ" አለ፤ እግሩን መሬቱ ላይ መታ አድርጎ። ይቺን ሱልጣናም ታውቃታለች፤ እዚህ ማለት ነው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውሃው አየ። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች፤ ወፎቹ የሚመጡበት ሰዓት ነው።

"እርስዎ ሥራ ሲሄዱ እሱ ከማን ጋር ይውል ነበር?" ስትል አኬሎ ቀስ ብላ ጠየቀች።

መዋሸት ትችል ነበር። ቡለኖቹ ግን ገና ኮሪደሩ ላይ ወድቀዋል።

"እቆልፍበት ነበር" አለች ሱልጣና። "ናሙዎንጎ ሳለን። ቀን ቀን። ከውጭ።"

አኬሎ የጻፈችው ነገር የለም። እስክሪብቶውን ብቻ አዙራ፣ እጀታውን ወደ ሱልጣና አድርጋ ሰጠቻት። "እዚህ ላይ ስምዎን። እዚህ ዝምድና። ከታች ፊርማ። ከፈለጉ በየሳምንቱ ይምጡ፤ ቤቱ ሊከለክልዎ አይችልም፤ ይሄም መመሪያው ውስጥ አለ።"

ሱልጣና አባመጫ ብላ ጻፈች። ዝምድና ከሚለው ላይ ትንሽ ቆየች። እናት ልትል ምንም አልቀራትም። እህት ብላ ጻፈች። ማህተሙ ሲመታ ቀና አለች፤ ኡዋይስ ግን የለም። ዱላውን ይዞ ወርዷል። "ሃሽ! ሃሽ!" ሲል ከታች ይሰማል።

ወደ ሙየንጋ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። በሩን ከፈተች፤ መስኮቶቹን ዞራ ዘጋች፤ ጓሮ ገብታ ፍራሹን ጠቀለለችው። ይህን የሚያህል የምስራች ይዛ የምታካፍለው ሰው አጣች። ለየሱፍ ደወለች፤ አላነሳም። አንሶላውን አጣጠፈች፤ ደግማ አጣጠፈችው። ያን ሌሊት ወንድሟ የትም እንደማይወሰድ እያወቀች ተኛች፤ ክፍሉ ግን ያው የአንድ ሰው ክፍል ነው።

ዛሬ ጠዋት ካንሳንጋ መንገድ ላይ ሮሌክስ የሚሉትን፣ በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል የሚጠብሰው ልጅ ዘንድ ቆማ አገኘኋትና ይህን ሁሉ ነገረችኝ። እንቁላሉ እስኪበርድ አወራችልኝ። ጨርሳም "የምነግረው ሰው አጥቼ ነበር" አለች፤ ቻፓቲዋን በወረቀት ጠቅልላ ወደ ባዶው ቤት ዳገቱን ወጣች። ከጀርባ አየኋት፤ ትከሻዋ ቀጥ ብሏል፤ ብቻዋን ናት።

እንግዲህ እኔ ይህን ሰምቼ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ፈርሃና እኮ ገና አልሰማችም! ይወስዱታል ብላ ቆርጣ እስካሁን በሐዘን ነው ስኳር የምትመዝነው። ለዙህር ሶላት ሱቋን ሳትዘጋ ልድረስባት። ቦዳ! አንተ ቦዳ፣ ወዲህ! ናሙዎንጎ፣ ቶሎ!